ዳቡስ ወንዝ ዳር ስላረፈው ቤተሰብ

ለተከበሩ አቶ አብዱልረሂም፣
የሰፈራችን እድር ዳኛ፣ ክልላችን ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ቆጥረን ላልጨረስናቸው ኮሚቴዎች ሁሉ ሰብሳቢ፤
አሶሳ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ባለቤቴ ደጊቱና ሁለቱ ልጆቻችን፣ እርስዎ ባለፈው ዓርብ በጥሩምባ ካስለፈፉት በተቃራኒ፣ እጅግ ደኅና ነን፤ እንዲያውም ትንሽ ወፍረናል።

ይህን የምጽፈው ለቅሬታ ሳይሆን ለምስጋና ነው። ሰው የራሱን ለቅሶ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ዕድል በየቀኑ አይገኝምና።

እንደሚያውቁት፣ ልጄን ኦብሴን ለማጨት የባምባሲ ሽማግሌዎች ለትናንት እሁድ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሌላ ቤት ከመግባቷ በፊት አንድ ጊዜ አራታችን አብረን እንረፍ ብዬ፣ የእኛ አገር ደመወዝተኛ ፈቃድ ሲወጣ ጣሪያ ከመጠገን በቀር ሌላ ልማድ እንደሌለው እያወቅሁ፣ ቤተሰቤን ይዤ ዳቡስ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ካደጉ ልጆች ጋር መዝናናት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሕፃን ልጅ ሲደክመው ይታዘላል፤ ያደገ ልጅ ሲደክመው ግምገማ ይጠራል። በቅርቡ ኤክስፐርት ተብሎ የተመደበው ልጄ ገመቺስ፣ ዓሣው ሳይበስል «አባ፣ የዚህ ጉዞ ዓላማና ግብ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሴን እየጠበቀ ሳለ ኦብሴ የእሱን ድርሻ በላችበት። ደጊቱ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ትን እስኪላት ሳቀች። ዐረፍን፣ በአጭሩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ጎረቤታችንን ወይዘሮ ሀዲልን መንገድ ላይ አግኝተው ስለ እኛ ቢጠይቋቸው «ነገሪ ከነልጆቹ ዐረፈ» አሉዎት። እውነት ነው፣ ዐርፈን ነበር። አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ቢሆንም በአማርኛቸው ላይ አንዲት ነቁጥ አላገኘሁም። እርስዎ «ያ ረብ! ሁሉም?» አሉ፤ እሳቸውም «ሁሉም፤ ዳቡስ ላይ» አሉ። አንዲት ጥያቄ ቢጨምሩ ክብርዎ ይነካ ነበር መሰለኝ፣ በቀጥታ ጥሩምባ ነፊውን ጠሩ።

ሁለተኛ፤ «ሟች ፍየል ምን ያደርግለታል?» ብለው ፍየሌን ማሳረድዎ የአመራር ብስለትዎን ያሳያል። ከቤታችን በእርግጥ ያረፈ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ቅዳሜ ስንመለስ በእኛና በወይዘሮ ሀዲል በር መካከል ድንኳን ተተክሎ አየንና፣ በእሳቸው ሐዘን ደርሶ ነው ብለን እየጮኽን ገባን። ደጊቱ ደረቷን እየደቃች አጠገቧ ያለችውን ሴት «ማን ነው የሞተው?» ብትላት፣ «ደጊቱ ናት፣ ምስኪን» ብላ ቀና ስትል ደጊቱን ራሷን አየችና ሴትዮዋ ራሷን ሳተች። ልጆቼ እስካሁን ይህን እያነሱ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እርስዎ ግን ሳይደናገጡ፣ መሞታችን በጠቅላላ ጉባኤ ስለጸደቀ ያለ ጉባኤ እንደማይሻር፣ እስከዚያው እንድንታገሥ አስረዱን። ታግሠናል፤ ሬሳ ከመታገሥ ሌላ ምን ሥራ አለው?

አራተኛውን ግን እየሳቅሁ ልጽፈው አልቻልኩም። ወሬው ባምባሲ ደርሶ ሽማግሌዎቹ ቀጠሯቸውን ሰርዘዋል። እጮኛዋ ፀጉሩን ተላጭቶ ቤት ዘግቷል አሉ። በሰው የሰደድነውን መልእክት እንኳ «ሟርት ነው» ብለው አላመኑትም፤ እድር የለፈፈውን ማን ያስተባብላል? ኦብሴ ከወንድሟ ጋር ትስቅና፣ ዞር ብላ ደግሞ ታለቅሳለች። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያው ጥሩምባዎ፣ በዚያው ድምፅዎ ባምባሲ ድረስ ሄደው «አለች» ይበሉልን።

ለአባላቱ በቁማቸው እንኳ ለሚያለቅሰው አመራርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጉባኤው እስኪፈቅድልኝ ድረስ በራሴ ኃላፊነት በሕይወት የምገኘው፣
ነገሪ ረጋሳ

ግልባጭ፦ ለጥሩምባ ነፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ኦብሴ ጉባኤዎን መጠበቅ ሰልችቷት በመጀመሪያው መኪና ባምባሲ ሄደች። በሩን የከፈቱት የእጮኛዋ አባት ነበሩ፤ ከእግር እስከ ራሷ ካዩአት በኋላ «ይቺን ሞት እንኳ አልቻላትም፣ ልጄ እንዴት ሊችላት ነው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሽማግሌዎቹ በመጪው እሁድ ይመጣሉ። እርስዎም ተጠርተዋል፤ ምሳ ይዘንልዎታል፣ ንግግር ግን አልያዝንልዎትም።