ከቴሌግራሙ በኋላ የወጣው ጽሑፍህ

ለምወድህ ወንድሜ ለሎይድ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ደረቅ ቦታስ ትተኛለህ? የላክንልህ ሹራብ ደረሰህ ወይስ እንደ ፊተኛው አንድ መኮንን እየሞቀው ነው? እኛ ደህና ነን። በረዶው መስኮቱ ድረስ ወጥቷል፣ ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቁመዋል፣ ሌላው ሁሉ እንደተውከው ነው።

ስምህ እዚህ አንተን ጥሎህ ሄዷል። የአሳማ ውድድር ስትዘግብለት ስምህን አሳስቶ ያትም የነበረው ጋዜጣችን ዛሬ ከጦር ሜዳ የምትልከውን በፊት ገጹ ያወጣል። አብሮህ የተማረው ከንቲባ ብሩበከር አዲሱን ድልድይ በስምህ ሊሰይም ነው። «ይህ ለሞተ ሰው አይደለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይዞሽ፣ ድልድዩ ገና ብዙ ይቀረዋል» አለኝ። ማጽናናቱ ነው።

ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ኦፓል ልጅ ሜርል ኢጣልያ ውስጥ መሞቱን የሚናገር ቴሌግራም ሰኞ መጣ። ሐሙስ ደግሞ ያንተ ጽሑፍ ወጣ። እንደ ልማድህ የሰፈሩን መንገድና የቤቱን ቁጥር ሳይቀር ጠቅሰህ፣ ሜርል በብረት ቆቡ ውሃ አሙቆ ጢሙን ሲላጭ፣ «ይሄ ጭቃ በቆሎ እንኳ አያበቅልም፤ ምን ሊያደርጉት ነው የሚዋጉበት?» እንዳለህ ጽፈሃል። ወይዘሮ ኦፓል ጋዜጣውን ይዘው፣ በቤት ጫማቸው በረዶውን እየረገጡ፣ እኔ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከተፍ አሉ። የለበሱትን ጥቁር አውልቀዋል። «አየሽ ዶሪስ! ቴሌግራሙ የሰኞ፣ ይሄ የሐሙስ! ወንድምሽ መቼም አይዋሽም!» አሉኝ።

ጽሑፍህ በሳንሱር እጅ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ እስኪታተም ሳምንትም ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ አስረዳኋቸው። «የዛሬ ጋዜጣ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ነው» አልኩ። «እንግዲያውስ!» ብለው ወጡ። የመታሰቢያውን ጸሎት አስቀርተውታል። ፓስተሩ ሊያስረዷቸው ሄደው ኬክ በልተው ተመለሱ።

ስለዚህ እባክህ፣ ሜርልን ያየህበትን ቀን ለይተህ ለእሳቸው ራስህ ጻፍላቸው። ከእኔ አፍ የወጣውን አይቀበሉም፤ ያንተን እንደ ወንጌል ነው የሚያዩት። እኔም እኮ በግምት ነው የተናገርኩት። ተሳስቼ ከሆነ በከተማው ሁሉ ፊት መሳቂያ ለመሆን ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ክረምቱን ሙሉ ካልሲ እየሠሩለት እንዲቀመጡ መተው አልችልም።

ባለቤቴ ካርል ሰላም ብሎሃል፤ መኪናህን አንዳንዴ እያስነሳ ያሞቃታል። ውሻህ ሰላም አላለህም፤ ተኝቷል። ጂፕህን ለሚነዳልህ ልጅ፣ ቀስ እንዲል ንገርልን። እማዬ ትስምሃለች። ጠዋት ጠዋት ጽሑፍህን ሳታይ ቁርስ አይወርድላትም፤ «ሎይድ ዛሬም አለ» ትልና እንቁላሏን ትሰብራለች። ከሐሙስ ወዲህ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳነብ የማውቀው በጻፍክበት ቀን በሕይወት እንደነበርክ ብቻ ነው። የኦፓልን ነገር ሰምታ ስትጠይቀኝ፣ «የሎይድ ጽሑፍ በራዲዮ በዚያው ቀን ነው የሚደርሰው» ብያታለሁ። እናም ለወይዘሮ ኦፓል ስትጽፍ ቀኑን አጉልተህ ጻፍ። ለእማዬ ስትጽፍ ግን፣ አደራህን፣ ቀን እንዳትጽፍ።

እህትህ ዶሪስ
ፔሪን ክሪክ፣ አዮዋ
ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1944