አረንጓዴ የለም

ውድ ጋሼ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልዎ «ምን ፈልጎ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት አለዎት። ፈርቻለሁ ጋሼ። ይህን የምጽፈው ከአብራሪዎች ማረፊያ ክፍል ነው፤ ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅኩም።

አውሮፕላኖቹ ቆመው አሥራ አንድ ወር ቤት መዋላችንን ሳይሰሙ አይቀሩም። እኔ ልጆቼን ሒሳብ ሳስጠና፣ የባለቤቴን መደርደሪያ ስሰቅልና ስነቅል ከረምኩ። ከዚያ ሁለት ቀን አለማመዱንና «ዝግጁ ናችሁ» አሉን። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን እረሳለሁ እንዴ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ዛሬ መቶ አሥራ ሁለት መንገደኞች ይዘን ለማረፍ ተቃርበናል። የምታበረው ረዳት አብራሪዬ ናት። «ጎማ አውርድ» አለችኝ። «ወርዷል» አልኳት። ምኑን አወረድኩት! እጄ ጭኔ ላይ ነበር። የማረጋገጫ ዝርዝሩን ስናነብም ደግሜ «ወርዷል» አልኩ፣ ጎማው መውረዱን የሚያሳዩት ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች ጠፍተው ዓይኔ እያየ።

«አረንጓዴ የለም! ካፒቴን፣ አረንጓዴ የለም!» ብላ ጮኸች፤ በዚያው ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጥታ ወደ ላይ መለሰችን። በሁለተኛው ዙር በሰላም አረፍን። ሲወርዱ አንዲት እናት እጄን ይዘው መረቁኝ። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እርስዎ ከሕመም ተመልሰው ይህንኑ ስህተት ሲሠሩ ረዳትዎ እኔ ነበርኩ። ተማሪዎችዎ «ካፒቴን ንካው» እያልን የምንቀልድብዎ፣ የጎማውን ማንሻ በእጃችን ሳንነካ አንድ ቃል እንዳንናገር ስለሚከለክሉን ነበር። ያን ቀን ራስዎ ሳይነኩ ተናገሩ። «በመካከላችን ይቅር» ብዬ ለመንኩዎት፤ እርስዎ ግን የስህተት ሪፖርት ቅጽ አስመጥተው በራስዎ ላይ ጻፉ። ከበረራ ሲያነሱዎት «የዋህ ሽማግሌ» ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ሳቅኩብዎት። ይህን ነግሬዎት አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ እኔም ረዳቴን «በመካከላችን ይቅር» አልኳት። ትከራከረኛለች ብዬ ስጠብቅ ወዲያው «እሺ» አለችኝ። እሺታዋ ግን ከመጠን በላይ ቀለለብኝ።

«ምነው ቶሎ እሺ አልሽ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ለምጄዋለሁ ካፒቴን። ባለፈው ሳምንት አብሬው የበረርኩት ካፒቴንም እንዲሁ ጎማውን ረስቶ ነበር። እሱም እንደዚሁ ነው ያለኝ።»

«አሁን የት ነው?»

ሰዓቷን አየች። «አሁንማ ለበረራ ተነስቷል። እስከ ማታ አይመለስም።»

ጋሼ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ያ ሰው ሰማይ ላይ ነው፤ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ፣ መብራቶቹን የሚያይለት ይኑር አይኑር አላውቅም። ለኃላፊው ሮጬ ነገርኩ። በሬዲዮ አግኝተው ያስጠነቅቁታል። ረዳቴ አጠገቤ ሆና የሱን ቅጽ እየሞላች ነው። የኔን ጨርሻለሁ፤ ስሜን ስጽፍ ሁለቴ ሰረዝኩት። ነገ ወንበሬን ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ይህም ያስፈራኛል፤ አልዋሽዎትም።

ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ቤትዎ እመጣለሁ። እንደ ድሮው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ከ«ንካው» ጀምረው ያስተምሩኝ።

በመስኮቱ አውሮፕላኖቹ የሚያርፉበት ሜዳ ይታየኛል። ያ ሰው በሰላም እስኪመለስ ድረስ ከዚህ አልነሳም።

ያኔ የሳቀብዎ ረዳትዎ