ጭፈራው ግቢ ነው

ለናፍቆቴ፣ ለመጨረሻ ልጄ፤ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ከሠርግ ብዛት እግራችን ከማበጡ በቀር ደህና ነን።

አባትሽ ያደሰው አሮጌ ቤት አገሩ ሁሉ የሚደግስበት ሆኗል። እሱም የፎቁን ወለል በመዳፉ እየዳበሰ «እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» ሳይለው የሚያልፍ እንግዳ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ በሬ በሬ የሚያካክሉ የሙሽራው አጎቶች ፎቅ ላይ ጨፈሩ። እኔ ታች ማዕድ ቤት ነበርኩ። ከጣሪያው ኬኩ ላይ ነጭ አቧራ ብን ብን ሲል አስተናጋጁ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ስኳር ነው» ብዬው ሮጬ ወጣሁና «ግቢው ነፋሻ ነው፣ ኑ» እያልኩ ሁሉንም አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጭፈራ ግቢ ብቻ ነው። አባትሽ «ምነው ፎቁን ጠላሽው?» ሲለኝ «ነፋሱን ወድጄ ነው» እለዋለሁ፤ ይስቅብኛል።

ያንቺን ሠርግ ግን ፎቅ ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የሠራው እሱን ወለል ብቻ ነው። እባክሽ ደውለሽ «የምዳረው ልጅ ሆኜ ከተጫወትኩበት ዛፍ ሥር ነው» በይው። ከኔ ከሰማ የወለሉ ነገር ይገባዋል፤ ካንቺ ከሰማ ግን ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ያወርዳል።

በደስታሽ ቀን በጤና ያገናኘን።

እናትሽ

ጫማ ስትገዢ ለሣር የሚሆን ይሁን።