ከበሩ ምስማር ላይ የወረደው ጋዋን፦ የእትዬ ሰዓት የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በጎረቤቶቻቸው፣ በኋላም በገዛ ባለቤታቸው ሳይቀር «እትዬ ሰዓት» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት እናታችን፣ እህታችንና አክስታችን፣ ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ባለች ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ፣ ለሥራው ግን የመጀመሪያ ነበሩ። እናታቸው ሲሰፉ እርሳቸው ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጠው የወደቀ መርፌ ይለቅሙ ነበር፤ የአንድ ሰው ሥራ ከሌላ ሰው እጅ ውጭ እንደማይሞላ ያኔ ገብቷቸው መሆን አለበት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረዋል። አሥራ አንደኛ ክፍል በገቡ በሁለተኛው ወር እናታቸው ከስፌት መኪናው ላይ ተንሸራተው ወደቁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። አባት መሪ ላይ፣ ታላቅ ወንድም ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበሩና እናትን የማጠቡ፣ የማብላቱና የማገላበጡ ተራ፣ ዕጣ እንኳ ሳይወጣበት፣ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። የዚያ ዓመት የትምህርት ካርዳቸው ዛሬም ቤት አለ። በአስተያየት መስጫው ላይ የክፍል ኃላፊው መምህር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት ትቀራለች» ብለው አስፍረዋል። በቂ ምክንያቱ ቤት ተኝቶ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሁሉም «ላውንደሪ» በሚለው ቤት፣ በአጣፊነት ተቀጠሩ። የሆስፒታል አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ሁለት ጫፍ፣ ሌላዋ ሁለት ጫፍ ይዘው ይወጥራሉ፤ ያራግፋሉ፤ ተራምደው መሐል ላይ ይገናኛሉ። አንዷ ከሌለች አንሶላው መሬት ይነካል፤ መሬት የነካ ደግሞ ተመልሶ ይታጠባል። የእርሳቸው የአንሶላ ጓደኛ፣ ማዶና ማዶ ቆመው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተያዩት፣ በምንም ነገር ቸኩለው ስለማያውቁ «እትዬ ችኩሌ» የተባሉት ናቸው። ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

በጊዜው የነበሩት የፈረቃ ኃላፊ፣ ከአንገታቸው በማትወርድ አንዲት ዕቃ ምክንያት፣ «ፊሽካ» ይባሉ ነበር። እትዬ ሰዓት እናታቸውን አጥበውና አብልተው፣ የቀረውን ለጎረቤት አደራ ብለው ሲመጡ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ያረፍዱ ስለነበር በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤዎቹን አልጣሏቸውም። ጀርባቸው ባዶ በመሆኑ የእናታቸውን መድኃኒት ሰዓት ጻፉባቸው። ድርጅቱ ለቤተሰባችን ያደረገው የመጀመሪያ ድጋፍ ይኸው ወረቀት ነበር።

የካቲት 3 ቀን 1979 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው ስልክ ደውላ «ቶሎ ትምጣ» አለች። ፈቃድ ሲጠይቁ አቶ ፊሽካ «ያንቺ እናት በየሳምንቱ ነው እንዴ የምትሞተው? በይ የጀመርሽውን ጋሪ ጨርሺና ትሄጃለሽ» አሏቸው። ጋሪው ላይ መቶ ሃያ አንሶላ ነበር። እትዬ ሰዓት አልተከራከሩም፤ ጫፋቸውን ያዙ። ሠላሳ ያህል እንዳጠፉ እትዬ ችኩሌ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮሉ። ከጥገና ክፍል አንድ ትልቅ ምስማርና መዶሻ አምጥተው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መቱት፤ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ እዚያ ላይ ሰኩና ሌላውን ሁለት ጫፍ ይዘው «ይኸው፣ ሁለተኛ ሰው አገኘሁ! አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አሉ።

ሮጡ። አርባ ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ። እናታቸው አልጠበቋቸውም።

ስለዚያች አርባ ደቂቃ ከዚያ በኋላ ሲያወሩ የሰማቸው የለም። የኖሩት ግን ሌላ ሰው እንደ እርሳቸው እንዳይዘገይ ነው ብንል አልተጋነነም።

በ1983 ዓ.ም. የልብስ መተኮሻ ማሽን ሊጠግኑ ከመጡት የሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሠረቱ። ማሽኑ በአንድ ቀን ተሠርቶ ሳለ ባለሙያው «እስኪ ልየው» እያሉ ሦስት ወር መመላለሳቸውን ላውንደሪው ሙሉ ይመሰክራል። በ1986 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ የወንድማቸውንም ልጅ ከገዛ ልጃቸው ሳይለዩ አሳድገዋል።

በ1988 ዓ.ም. አቶ ፊሽካ ጡረታ ሲወጡ እትዬ ሰዓት የፈረቃ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስቱን ሠራተኞች ሰብስበው ወደ ምስማሩ እያመለከቱ እንዲህ አሉ፦ «ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው መሄድ ሲኖርበት ጋዋኑን እዚህ ይሰቅልና ይሂድ። ያየ ሰው ሥራውን ይሸፍን። ማን ታመመ፣ ምን ሆነ፣ ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሰው እናቱ መታመሟን በምስክር አያስረዳም።» ሕጉ ይኸው ነበር፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ማኅተምም አላረፈበትም፤ ስለዚህ ሠራ።

እርሳቸው አይጠይቁም፤ የነገራቸውን ግን አይረሱም። የልብስ ተኳሹ አባት መርፌ ስንት ሰዓት እንደሚወጉ፣ የአጣቢዋ ልጅ ከሕክምና ማዕከሉ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የጋሪ ገፊው ሚስት ስንት ሰዓት ላይ ብቻዋን መሆን እንደሚያስፈራት ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር። በማሽኑ ጩኸት መሐል ድምፃቸው ይሰማል፦ «አንተ! የአባትህ መርፌ ደረሰ እኮ! ምን ያስገትርሃል? ውጣልኝ ከዚህ!» «እትዬ ሰዓት» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። የእጅ ሰዓት እንኳ አስረው አያውቁም።

አስተዳደሩም ሥራቸውን ሳያግዝ አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. የአሻራ ማሽን አስተከለ። ዕድሜ ልኩን ሳሙናና በረኪና ውስጥ የኖረ ጣት ግን አሻራ የለውም። ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስቱንም የላውንደሪ ሠራተኞች «ቀሪ» ሲል መዘገበ፤ በዚያው ቀን ከሁለት ሺህ በላይ አንሶላ ታጥቦና ታጥፎ ወጥቷል። ማን እንዳጠበው እስከ ዛሬ በመጣራት ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሥራንና የቤተሰብ እንክብካቤን ስለ ማጣጣም ሥልጠና ተሰጠ፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ቤታቸው ሕመምተኛ ያለባቸው መምጣት አልቻሉም። የመጡት ሕመምተኛ የሌለባቸው ናቸው፤ ብዙ ተምረው ሄደዋል። በዕለቱ ለእትዬ ሰዓት በላስቲክ የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። የባለቤታቸውን የመድኃኒት ጠርሙሶች ይደረድሩበት ጀመር። «ውሃ አያስገባም፤ ደኅና ነገር ነው የሰጡን» እያሉ ከልባቸው አመስግነዋል።

ባለቤታቸው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሕክምና ይዘዋቸው የሚሄዱት እትዬ ሰዓት ነበሩ፤ ቀጠሮውን ሁሉ በምሳ ሰዓታቸውና ከሥራ መውጫቸው በኋላ አድርገው ነበር ያስያዙት። ምሳ ይበሉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አጥተናል። እትዬ ችኩሌ «አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽን ጋዋን አንድ ቀን እንኳ ብትሰቅይ ምስማሩ ይነክስሻል?» ሲሏቸው «ኃላፊው ከሰቀለ ሌላው ያፍራል» ይሉ ነበር። ለሃያ አምስት ዓመታት አልሰቀሉም።

ግንቦት 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ሰቀሉ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ጋዋናቸውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ጫማ ለመቀየር ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። በዚህ መሐል ጋዋኑን ያየው ሁሉ ግራ ገባው። እትዬ ሰዓት አይሰቅሉማ! አንዱ ተሳስቶ ያንጠለጠለው ነው ተባለ። እትዬ ችኩሌ አወረዱት፤ የተጨማደደ ስለመሰላቸው በገዛ እጃቸው ተኮሱት፤ አጥፈውም የኃላፊዋ ወንበር ላይ አኖሩት። እትዬ ሰዓት ጫማቸውን ቀይረው ሲመለሱ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ የልብስ ክምር ደርሶ፣ አምስት ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ይስቃሉ። «እትዬ፣ ጋዋንዎ ጠፍቶ ምስማር ላይ አገኘነው! ማን እንደሰቀለው እንጃ፤ እኛማ እትዬ ሰዓት ኮበለሉ ብለን ነበር!» አሏቸው። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። የተተኮሰውን ጋዋን ለበሱ። ሥራ ገቡ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ መጠየቅ ክልክል ነበር።

ባለቤታቸው በ2014 ዓ.ም. በእጃቸው ላይ አረፉ። ጥር 2015 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ከሃያ ሦስት ሠራተኞች መካከል በእርሳቸው ዘመን አስታማሚ ሆኖ ከሥራ የተባረረ አንድም ሰው እንዳልነበር በንግግር ተነገረ። በሰኔ ወር ሕመም ጸናባቸውና ሲመረመሩ የጡት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቆይቷል ተባለ።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ልጃቸው ቁም ሣጥናቸውን ስታስተካክል አሮጌውን ጋዋን አገኘች። ኪሱ ውስጥ፣ በካውያ ተዳምጦ ከጨርቁ ጋር የተጣበቀ የቀጠሮ ካርድ ነበር። «ግንቦት 6 ቀን 2013፣ ከጠዋቱ 4፡30፣ ከጡት ናሙና ለመውሰድ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀጠሮ እንዳስያዙ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም። ከላውንደሪው በር ናሙና እስከሚወሰድበት የሆስፒታሉ ክፍል ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው። ሄደን ቆጥረነዋል። ያን ዕለት ቢታይ ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብለን ሐኪሙን ስንጠይቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

እትዬ ችኩሌ ካርዱን ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያወረድኩት። በዚህ በገዛ እጄ ነው የተኮስኩት። ምነው አንዲት ቃል ብትነግሪኝ?» አሉ። እትዬ ሰዓት ፈገግ ብለው «አልጠየቅሽኝማ። ራሴ አይደለሁ የከለከልኩ?» አሏቸው። ከዚያም «ዝም በይ አሁን፤ ይኼንን አንሶላ ወጥሪልኝ፣ ተጨማዶብኛል» አሉ።

ይህ ክፍል እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይገባ ቤተሰቡ ተማክሮ ነበር። እትዬ ችኩሌ ግን «ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት ተነሥቼ እናገረዋለሁ» ስላሉ ጽፈነዋል። እርሳቸውን የሚወቅስ ግን ከመካከላችን የለም። እኛም አብረናቸው እንኖር ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም።

በመጨረሻዎቹ አምስት ወራት የላውንደሪው ሴቶች ፈረቃ አውጥተው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ልጃቸው በአንድ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ ተቀብላ የምታስተናግድ ሠራተኛ ስትሆን፣ ለማስታመሚያ የተፈቀደላት ሦስት ቀን ነበር፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ሳምንት አለቁ። መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ችኩሌ ደወሉላት። አለቃዋ «መስመሩ ላይ ያለውን ደንበኛ ጨርሺና» አላት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። አጠገቧ የነበረች የሥራ ባልደረባዋ ምንም ሳትጠይቅ ደንበኛውን ተቀበለችላት።

ደረሰች። እናትየዋ ዓይናቸውን ገልጠው «ሥራሽስ?» አሏት።

«ጋዋኔን ሰቅዬ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ልጃቸው ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ጋዋን የላትም። እትዬ ሰዓት ይህን ያውቃሉ። እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙት። እንደያዙት በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እትዬ ሰዓት የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንደ ልጅ ያሳደጉትን የወንድማቸውን ልጅ፣ ማዶ ያለውን ጫፍ ይዘው የቀሩትን እትዬ ችኩሌንና ሃያ ሦስት የላውንደሪ ሠራተኞችን ትተው ሄደዋል። ሃያ ሦስቱም ዛሬ እዚህ አሉ። ሥራቸውን የሸፈኑላቸው የአስተዳደሩ ሠራተኞች ናቸው፤ የሰው ኃይል ኃላፊው ራሳቸው ከጠዋት ጀምሮ አንሶላ በማጠፍ ላይ እንደሚገኙና አብዛኛው መሬት እየነካባቸው እንደሆነ ሰምተናል።

የላውንደሪው ሠራተኞች ትናንት ተነጋግረው በምስማሩ ሕግ ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል። ጋዋን የሰቀለ ሰው አሁንም ምክንያት አይጠየቅም። ሲመለስ ግን «አንቺስ ደኅና ነሽ? አንተስ ደኅና ነህ?» ይባላል፤ መልሱም እስኪመጣ ይጠበቃል።

የእትዬ ሰዓት ጋዋን፣ ካርዱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በበሩ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በስህተት አይደለም። የእርሳቸው ነው፤ የሰቀሉትም እርሳቸው ናቸው። እባካችሁ፣ ማንም እንዳያወርደው።

የሰውን ሰዓት ሲጠብቁ የራሳቸው ያለፈባቸውን እናታችንን፣ ፈጣሪ ፈረቃ በሌለበት ዕረፍት ይቀበልልን፤ እናታቸውንም ሳይዘገዩ ያግኙልን። አሜን።