ጠዋት ብቻ የሚጮህ ሞተር

ታኅሣሥ 9
ዛሬም ሰማሁት። ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ... ቀቅ ቀቅ ቀቅ። ሰባት ደቂቃ ያህል፤ ከዚያ ጸጥ። ሾፌሬ ጋሽ ሙላው «የመካነ ሰላም ብርድ ነው፤ እኛንስ ያስጮኸን የለ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ የገዛኋት ሚኒባስ ናት። ገና ዓመት እንኳ አልሞላትም!

ታኅሣሥ 14
ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ሆነ። ጋራዥ ያለው አሻግሬ «አንድ ቀን ስጪኝ፣ ከፍቼ አይልሻለሁ» አለኝ። ሌላ ሰው ከከፈተው ጋራንቲው ይሰረዛል፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እሱም ጥር ሠላሳ ያበቃል። «እና ሻጮቹ ላንቺ ብለው ሞተር ሊፈቱ? ተይው ባክሽ» አለ አሻግሬ።
አልተውም! ኮፈኗን የሚነካ ሰው ከኔ ጋር ይተያያል።

ታኅሣሥ 20፣ ደሴ
መኪናዋን የሸጠልኝ ድርጅት ዘንድ ሄድን። ያን ሁሉ መንገድ ነድተን ስንደርስ ሞተሩ ግሏል... ድምፅ ከየት ይምጣ! ደሳለው የሚባል የቴክኒክ ኃላፊ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። «ምንም የለም፣ እህቴ።» ጠዋት ነው የሚጮኸው አልኩት። ፊቱን ወደ ጋሽ ሙላው አዞረ። «ሾፌሩ ምን ይላሉ?»
እኔ ሰው አይደለሁም?
ጋሽ ሙላውም አፈሩ መሰለኝ፣ «እንግዲህ... አልፎ አልፎ» አሉ። አልፎ አልፎ! በየቀኑ እኮ ነው!

ጥር 14
እማ ቁርአኗን ቀርታ ስትጨርስ ዱዓ አደረገችልኝ። «ግን ልጄ፣ ሰው አታስቀይሚ» አለች። ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው እንዳይቀየም ዝም አልኩ። በቃኝ።

ጥር 16፣ ደሴ
መላ አገኘሁ። መኪናዋ ግቢያቸው ትደር፣ ጠዋት ሳትሞቅ ራሳቸው ያስነሷት። ደሳለው እያጉረመረመ እሺ አለ። እኔ የአክስቴ ልጅ አርዋ ቤት፣ ጋሽ ሙላው መኪናዋ ውስጥ። ነገ እንተያያለን!

ጥር 17
ምን ብዬ ልጻፈው...
ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ መኪናዋ ታጥባ ታብለጨልጫለች። ደሳለው ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች፤ ቀቅ ግን የለም። ኮፈኗን ነካሁ። ሞቃለች! ጋሽ ሙላው ማልደው አጥበው፣ ግማሽ ሰዓት አሙቀው ጠብቀውናል።
«በሰው ፊት እንዳታሳፍረን ብዬ እኮ ነው፣ ሀይፋዬ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ባለቤት ከመምጣቱ በፊት መኪና ይሞቃል።»
ልጮህባቸው ነበር። ፊታቸውን ሳየው አንጀቴን በሉት። ደሳለው ግን ሳቀ። «ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ እንዳትመጪ።»
እመጣለሁ!

ጥር 27፣ ደሴ
ጋራንቲው ሊያበቃ ሦስት ቀን ቀረው። ዘበኛው «እንዳትገቡ ታዟል» አለ። ይሁን... ከበራቸው ፊት ለፊት፣ አስፋልት ዳር አቆምን፤ እዚሁ ቀዝቅዛ ታድራለች።
«ጋሽ ሙላው፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»
ደነገጡ። «አታምኚኝም?»
«አንቱንማ አምናለሁ። እጅዎን ነው የማላምነው።»
ሳቁና ሰጡኝ።

ጥር 28
ደሳለውን ሥራ ሲገባ በር ላይ ያዝኩት። «እጅህን ኮፈኗ ላይ አድርግ።» ግራ እየገባው ነካት። «ቀዝቃዛ ናት» አለ። «አሁን ስማ!»
ሾፌር ወንበር ላይ ወጣሁ። ሊብሬዋ በስሜ ነው፤ ቁልፏን ግን አንድ ቀን እንኳ አዙሬ አላውቅም! ጋሽ ሙላው በመስኮት «ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ አይዞሽ» አሉኝ። አዞርኩት።
ቀቅ ቀቅ ቀቅ ቀቅ!
አልሀምዱሊላህ! ወላሂ፣ ደስታዬ ሌላ ነበር። ቴክኒሻኖቹ ወጥተው ከበቡን። «ይሄማ ከውስጥ ነው» አለ አንዱ። ደሳለው ቀና ብሎ አላየኝም። «አስገቧት» አለ።
«መጀመሪያ ጻፍልኝ» አልኩት። በጋራንቲው እንደሚሠራ ጻፈልኝ፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቀን። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የካቲት 21፣ መካነ ሰላም
መኪናዋ ትናንት ተሠርታ ገባች። ከሞተሩ ውስጥ የተበላ ዕቃ አግኝተው ቀየሩላት።
ዛሬ ጋሽ ሙላው ማልደው ሲመጡ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቃቸው። ጆሯቸውን ወደ ኮፈኗ አስጠጉ። ቀዝቅዛ ስትነሳም ቀቅ አላለች፤ አሁንም ምን የለ። «ማን አስነሳት?» አሉ።
«ሾፌር ከመምጣቱ በፊት መኪና ይሞቃል» አልኳቸው።
በሳቅ ፈረሱ። አንዱን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ሌላው እኔ ጋ ነው። ሰኞ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት እጀምራለሁ።