ቁዋንቁዋ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፫

ጠዋት ዝናብ። ጥቅምት ገብቶም አላባራም። ቀበሌ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ማሳሰብያ» ይላል። እስክሪብቶ አውጥቼ አረምኩት። ጥበቃው አየኝ። ለምዶኛል።

ከሰዓት ቢታ ገነት፣ እኅቴ ቤት ደወልኩ። አብርሆት አነሳችና ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። «ሰብሌ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ትንፋሽ ብቻ። እኅቴ ከሐምሌ ወዲህ መናገር አትችልም። ስትሮክ ይሉታል ሐኪሞቹ፤ ቀኝ እጇንና አንደበቷን አብሮ ወሰደው። ስለ ዝናቡ አወራሁላት። ስለ ማስታወቂያውም። ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ። እየሰማችኝ ነው? እንቅልፍ ወስዷት ይሆን? እያለቀሰችስ ቢሆን? በዚህ በቁልፍ ስልክ ምን ይታወቃል...

ልጅቷ በኋላ፣ «አክስቴ፣ ቪዲዮ ቢሆን እኮ ያይዋት ነበር። እርስዎ ሲያወሩ ፊቷ ሌላ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

ፊቷ ሌላ ነው። ይኼ ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሄጄ እንዳላያት መንገዱን ጉልበቴ አይችለውም። ባለፈው ከመኪና ያወረዱኝ ደግፈው ነው።

ስልክ እገዛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፭

የስልክ ሱቆቹን ዞርኩ። ሦስቱ ጋ «እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?» አሉኝ። ለራሴ ነው። ልጅም የለኝ፣ የልጅ ልጅም የለኝ።

ሰሚር የሚባለው ሻጭ ብቻ ወንበር ሰጠኝ።

«ስንት አስበዋል እትዬ?»

«ከአሥራ አምስት ሺህ አልወጣም።»

«እንግዲያውስ ስላይት ላሳይዎት።»

«ስላይት ምንድን ነው?»

«ያው... ትንሽ የተነካ። ሰው ትንሽ ይዞት የነበረ።»

«ትንሽ የተነካ የሚባል ነገር የለም። ወይ ተነክቷል፣ ወይ አልተነካም።»

ሳቀ። «ታዲያ ታብሌት ልስጥዎት? ሰፊ ነው፤ ለዓይንዎ ይሻልዎታል።»

«ሐኪም ነህ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ...

ታብሌቱን አየሁት። ደግ ነው። ግን ሲም አይቀበልም፤ ዋይፋይ ይፈልጋል አለ። ዋይፋይ ከየት ላመጣ ነው? ራም አራት፣ ራም ስድስት፣ ስቶሬጅ ስልሳ አራት፣ ሜጋፒክስል... ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ ሳነበው አንዱም አልገባኝ። እኔ የምፈልገው የሰብሌን ፊት ነው። ፊት በስንት ራም ይታያል?

ዓርብ፣ ጥቅምት ፯

ፍቅሩ መጣ። ደብተሬን አሳየሁት፤ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት እኔ ዘንድ ሆኖ ነው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው። ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሚስት አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ያም ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ሳያየኝ አይቀርም።

«እትዬ፣ ሱቅ ለሱቅ ብቻዎን እንዳይዞሩ። አዛውንት ሲያዩ አሮጌውን አሽገው ነው የሚሸጡልዎት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ይተዉት። ጅማ የሚሄድ ጓደኛ አለኝ፤ ከዚያ አስመጣልዎታለሁ።»

እፎይ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ጂቢ ገላገለኝ። ገንዘቡን ሰጠሁትና በወረቀት ጻፍኩለት፦ አዲስ ይሁን። ፊት አጥርቶ ያሳይ። ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ያስወራ። «ጮክ ብለህ አንብብ» አልኩት። እንደ ልጅነቱ ብድግ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አነበበ። ሁለታችንም ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

መጣ! ከነካርቶኑ። ካርቶኑ ግን ተከፍቷል። «ሲም ላስገባልዎት ብዬ ነው» አለ። መስተዋቱ ላይ ፕላስቲክ ተለጥፏል። «እንዳይጫር አስለጠፍኩልዎት።» የማያስበው ነገር የለም ይኼ ልጅ።

እሱ ቢታ ገነት ደወለልኝ። መጀመሪያ ጣሪያ ታየ፣ ከዚያ የአብርሆት አገጭ፣ ከዚያ... ሰብሌ።

ከስታለች። የፊቷ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል። ጸጉሯን ልጅቷ ሹሩባ ሠርታላታለች። አየችኝ። ወዲያው ነው ያወቀችኝ! ግራ እጇን አንስታ ስክሪኑን ልትነካ ሞከረች፤ ጣቷ ትልቅ ሆኖ ምስሉን ሞላው። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ብዙ ቀባጠርኩ መሰለኝ። ፍቅሩ ፊቱን አዙሮ በመስኮት ያይ ነበር።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆየን ጠፋ። «ቻርጁ ስላልሞላ ነው» አለ።

መረቅሁት። እንደ ወለድኩት ልጅ ቆጠርኩት። እዚህ ልጽፈው ይገባኛል፤ አልሰስትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፬

ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሯል፤ መቶ ይላል። ሰብሌን እያየሁ ስድስት ደቂቃ... ጥቁር። ጀርባው እንደ ተተኮሰ ልብስ ሞቋል።

ለፍቅሩ በቁልፉ ስልክ ደወልኩለት።

«ኔትወርክ ነው እትዬ።»

«ኔትወርክ ስልክ ያሞቃል?»

«አነካክዎ ይሆናል። ጣትዎ ከበድ ይላል፤ ብዙ ሲጫኑት ይጨናነቃል።»

ጣቴ? ሊሆን ይችላል። ቾክ የያዘ ጣት ነው፤ ደንድኗል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፰

እጄን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውኃ እየዘፈዘፍኩ፣ ቅባት እየቀባሁ ነው። በላባ እንደሚነካ ነው የምነካው። ያው ነው። ሰባት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ለካ አርጅቻለሁ። አንድ መስተዋት መንካት አቃተኝ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳

መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ዛሬ ሰብሌ አፏን አላወሰች። የንግግር ልምምድ የምታሠራት ነርስ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች አሉ። ከንፈሯን ወደ ፊት ሰበሰበችው። ደም ሥሯ ተገተረ። «እማዬ፣ በርቺ፣ በርቺ» ትላለች አብርሆት ከጎን። እኔ እስትንፋሴን ይዣለሁ። ከንፈሯ ከፈት አለ፤ ጥርሷን ገጠመችው...

ጥቁር።

ያዝኩት፣ ተጫንኩት፣ ለመንኩት። ሩብ ሰዓት አልነሣም አለ። በቁልፉ ስልክ ስደውል ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

«አክስቴ፣ ሰሙ? ሰሙ አይደል? ‹ዙፋን› አለች እኮ! ጥርት አድርጋ!»

አዎ፣ ሰምቻለሁ አልኩ። ዋሸሁ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ የእኔ ስም ሆነ፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

ይኼ ጣት ቢቆረጥ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፪

በእርጋታ ልጽፈው።

ጠዋት ለአብርሆት መልእክት ልጽፍ ተቀመጥኩ። «የቋንቋ ልምምዷን እንዳታቋርጥ» ልላት ነው። መነጽሬን አጠለቅሁ። ቋ የት እንዳለ አጣሁት። ከ ቁ ሥር ይሆናል ብዬ ቁን ነካሁ። ከላይ፣ ቃላት በሚደረደሩበት መስመር፣ ስልኩ ራሱ አንድ ቃል አቀረበልኝ።

ቁዋንቁዋ።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። መልሼ አየሁ። ቁዋንቁዋ። «አስቸ» ብዬ ጻፍኩ፤ አስቸኩዋይ አለኝ። አስቸኩዋይ ስብሰባ። ስልኩ ከእኔ በፊት ይዞት የነበረውን ሰው አጻጻፍ ለምዷል።

በሕይወቴ ይኼን ቃል እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አምስተኛ ክፍል ነበር። ኳ፣ ቋ፣ ጓ... ዲቃላ ፊደላት ይባላሉ ብዬ አስተማርኩ። የፍቅሩ አባት አይታወቅም ነበር፤ ልጆቹ ይኼን ስድብ ቤታቸው ሰምተውታልና ወደ እሱ ዞረው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚያን ፊደላት ጽፎ አያውቅም። መቶ ጊዜ ጻፍ አልኩት፤ መቶ ጊዜ ቁዋንቁዋ ብሎ አመጣልኝ። ምክንያቱ የገባኝ ያኔ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ፣ እያየሁ ያለፍኩት ስሕተት ያ ብቻ ነው።

ስልኩን ይዤ ሰሚር ሱቅ ሄድኩ። ገልብጦ ዳሰሰው።

«እትዬ፣ ይኼ ሁለት ዓመት የተሠራበት ነው። ጀርባውን ይዩት፤ ባትሪው አብጦ ነው። ማን ነው የሸጠልዎት?»

«መንገድ ላይ ገዛሁት።»

«እርስዎ?! መንገድ ላይ?» አላመነኝም። የሚያወራው እንዳያጣ ቀጠለ፤ «ያን ጊዜ የያዙትን ብር ይዘው ቢመጡ ኖሮ... ፍቅሩ እንኳ፣ የኮምፒውተሩ፣ ተማሪዎ ነበር አሉ፣ ያን ሰሞን አዲስ ወሰደ። አሮጌውን በሒሳብ ልያዝልህ ብለው እምቢ አለኝ። ‹ሰው አለኝ› አለ።»

ሰው አለኝ።

ሰውየው እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፬

አስጠራሁት። ከሥራ ቀጥታ መጣ፣ ዳቦ ይዞ። አዲሱን ስልክ ከኪሱ አላወጣም። ለካ እኔ ቤት አውጥቶት አያውቅም።

«እንዴት ነው፣ ተስማማዎት?»

«ቋንቋ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ምን?»

«ቋንቋ። የእኔ ጣት ይከብዳል አላልክም?»

ተቀበለኝ። ቁን ነካ። ቃሉ ብቅ አለ። አነበበው። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ጎረቤት ራዲዮ ይጮኻል። ዳቦው በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ጭኑ ላይ ነው።

«እትዬ... ፎቶውን ሁሉ አጥፍቼ ነበር።»

መጀመሪያ ያለው ይኼን ነው። ይቅርታ አይደለም። ፎቶውን አጥፍቼ ነበር።

«ለምን ፍቅሩ?»

«አዲሱን ስገዛ ጎደለኝ። እርስዎ ደግሞ... ለመደወል ብቻ ስለሆነ... ልዩነቱን አያውቁትም ብዬ ነው።»

ልዩነቱን አያውቁትም። ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ስለይ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሴትዮ።

«ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር። አሮጌ ነው ብለህ ብትሰጠኝም እቀበልህ ነበር። ጣቴን ያመካኘኸው ግን... ምን አድርጎህ ነው ጣቴ?»

ዳቦው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ በጣቱ ያሽ ጀመር።

«ሰብሌ ስሜን ጠራች። አልሰማሁም።»

ይኼን ጊዜ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ላጽናናው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ በልማድ ነው። መለስኩት። ስልኩን ኪሱ ከተትኩለትና በሩን ከፈትኩ።

ዳቦውን ረስቶት ሄደ። አልበላሁትም። አልጣልኩትምም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፳፮

ለማንም አልተናገርኩም። አብርሆት «ፍቅሩ እንዴት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኩ። ሦስተኛ ውሸት በአንድ ሳምንት። ስለ እሱ ብዬ? ስለ ራሴ ብዬ? እኔ ያሳደግሁት ነው ብዬ ስኮራ የሰማኝ ሰው ብዙ ነው...

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ካስቀመጥኳት ብር ላይ አንሥቼ ከሰሚር ስላይቱን ገዛሁ። ማን እንደያዘው፣ ስንት ወር እንደያዘው፣ ምኑ እንደተጫረ በደረሰኙ ጀርባ አስጻፍኩት። «እትዬ፣ ለስልክ የልደት ካርድ አስወጡኝ እኮ!» እያለ ጻፈልኝ። «ስምንት»ን በእሳቱ ሰ ነው የጻፈው፤ ትክክል ነው። አርባ ደቂቃ ያስወራል። ይበቃኛል።

ሰብሌን በየቀኑ አያታለሁ። ስሜን አልደገመችውም። አፏን ታላውሳለች፣ ትደክማለች፣ ትተወዋለች። እኔ እጠብቃለሁ።

ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። አቶ ፍቅሩ ናቸው። ፖስታ ይዘዋል። ቆጥረው ያመጡትን ተቀበልኳቸው፣ አመሰገንኳቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

«እትዬ... በእናትዎ፣ አንተ ይበሉኝ።»

«ሥራ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው?» አልኳቸው።

«እትዬ...»

«እንግዲህ እንዳላስመሽዎት» አልኳቸው። ተነሥቼ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው።