ሣሩ የታጨደበት ጠዋት

ለተከበሩ የከተማችን የውበትና የአረንጓዴ ልማት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም ዐይንዎ፣ አፍንጫዎና ጉሮሮዎ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ የሰው ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ሲያምፁበት ምን እንደሚውጠው እኔ በሚገባ አውቀዋለሁና። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው የአበባ ማስቀመጫ ፊት ለፊት አስቀምጠውኝ፣ ከማስነጠሴ ብዛት የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልጨርስ የወጣሁት የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቀደም ብዬ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሁሉ መንገድ ላይ ስለቀሩብኝ ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ሣሩ አመሰግናለሁ። ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ዋና መንገድ መካከል የነበረው ባዶ አፈር ለዐይን አይማርክም ነበርና፣ መምሪያዎ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ የሚተኛና የሚነሣ ሣር ዘርቶበታል። ሣሩ ሲያብብ ከጫፉ ቢጫ ብናኝ ይነሣል። ብዙው ሰው ብናኙን ልብ አይለውም፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ፌርማታ ሳላልፍ ላንቃዬ ውስጥ ጉንዳን የገባ ያህል ይበላኛል፣ ዐይኖቼ ያብጣሉ፣ ከዚያም ማስነጠሱ ይከተላል። አንዴ ከጀመረኝ በሰባትና በስምንት የሚቆም አይደለም፤ በእያንዳንዱም ዐይን ይከደናል። ክቡርነትዎ ያሳፈርኩትን ሰው ብዛት ያስቡና፣ ዐይን ተከድኖ የሚነዳውን መንገድ ደግሞ በልብዎ ይለኩት።

ሐኪሙ መርምረውኝ፣ "የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው፤ ከሣር ይራቁ" አሉኝ። ሥራዬ በዚያ ሣር ዳር ጠዋትና ማታ መመላለስ መሆኑን ስነግራቸው፣ "እንግዲያው መስኮት ይዝጉ" አሉኝ። የእኔ አውቶቡስ መስኮት ግን ወርዶ ከቀረ ቆይቷል። ባለቤቴ የብናኙ ጠላት ሆና፣ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ደጅ ላይ ታስወልቀኛለች፤ ፀጉሬን ሳልታጠብም ትራስ አታስነካኝም። ይሁንና ሌሊቱን በአፌ እየተነፈስኩ፣ ጉሮሮዬ እንደ አሸዋ ደርቆ፣ ለራሴም ለእሷም እንቅልፍ ነሥቼ አነጋለሁ።

፪. ቀጥሎ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ "ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ ለአንድ አፍንጫ ተብሎ ከተማ አይላጭም" ያሉኝን አልረሳሁትም። እውነትዎን ነው፤ አንድ አፍንጫ ነበርኩ። ከበስተጀርባዬ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነበር።

መድኃኒት አልሞከርክም እንዳይሉኝ፣ ሞክሬያለሁ። ፋርማሲው ውስጥ የተገኘው ክኒን ማስነጠሱን ጸጥ ያደርግና ራስን እንደ እርጥብ ጆንያ ያከብዳል፤ ማሸጊያው ላይም "ወስደው መኪና አይንዱ" የሚል አለበት። እንቅልፍ የማያመጣው ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል ተባልኩ። ስለዚህ ብውጠው መሪ ላይ እተኛለሁ፣ ብተወው መሪ ላይ እታወራለሁ። የስምሪት ኃላፊያችንን የሣሩ ወቅት እስኪያልፍ ሌላ መስመር እንዲመድበኝ ብለምነው፣ "ሁሉም የየራሱ በሽታ አለው፤ ወይ ንዳ፣ ወይ ቁልፉን አስረክብ" አለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝና ነዳሁ።

ተሳፋሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ደጎች ነበሩ። ባስነጠስኩ ቁጥር ከፊት እስከ ኋላ "ይማርህ!" ይሉኝ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ሰለቻቸው፤ ጥቂቶቹም "አልቃሻው ሾፌር" የሚል ስም አወጡልኝ። አንዲት ሴትዮ ከዐይኔ የሚወርደውን አይታ መሀረብ ሰጠችኝና፣ "ማን ሞቶብህ ነው?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም አልሞተብኝም ነበር፤ ወደፊት እንዳይሞት ግን በየቀኑ እፈራ ነበር።

ያቺን ፍርሃት አብራኝ የተሸከመችው ቲኬት ቆራጯ ናት። ዕድሜዋ ከታናሽ እኅቴ የማይበልጥ፣ ድምፅዋ ግን ከአውቶቡሱ ጡሩምባ የሚያይል፣ ዕረፍት የማታውቅ ሴት ነች። ሁኔታዬን ስታይ መቀመጫዋን ትታ ከጎኔ መቆም ጀመረች። ዐይኔ በተከደነ ቁጥር "ጋሼ፣ ቀይ በራ!"፣ "ጋሼ፣ ሰው እየተሻገረ ነው፣ ቀስ!" እያለች ስንቱን አሳለፈችኝ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ፣ "ስሚ፣ ማቆም ካቃተኝ እንዳትጠይቂኝ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቢው" አልኳት። እሷም ሳቀችና፣ "እሱስ ይሁን፤ ደመወዝህን ግን እካፈልሃለሁ" አለችኝ።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል፤ አቤቱታዬን በመጨረሻ ስለሰሙልኝ ነው። ሣሩ እንዲታጨድ አዘዙ። የታዘዘውም ከማበቡ በፊት አልነበረም፤ ዝናብ ብናኙን ካጠበው በኋላም አልነበረም። ሣሩ በአበባው ላይ ሳለ፣ በደረቅ ነፋስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በሚጣደፍበት ሰዓት ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀምሬ ነበር። የማጨጃ ማሽኖቹን ያየኋቸው ከጥምዝዙ ስወጣ ነው፤ ከኋላቸው መንገዱን የሸፈነ ቢጫ ደመና ይጎትቱ ነበር። ወደ ኋላ እንዳልል ከበስተኋላዬ መኪና ተሰልፏል፤ ጥግ እንዳልይዝ ቦታ የለም። ደመናው በተከፈተው መስኮት ፊቴ ላይ ተደፋብኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁም፤ የማየት አቅም አልነበረኝምና። አስነጠስኩ፣ ደገምኩ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ እግሬ ፍሬኑን ይርገጥ ሌላ ነገር አላወቅሁም። "ጋሼ! ጋሼ! ወደ ቀኝ እየሄድክ ነው!" የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። መልስ መስጠት አልቻልኩም። እሷም የተባለችውን አደረገች፤ ሳትጠይቀኝ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ሳበችው።

አውቶቡሱ የፊት ጎማዎቹ የሆስፒታሉ በር አጠገብ፣ አስታማሚዎች ተራ የሚጠብቁበት የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመ። ከጎማው ፊት ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች፤ ሕፃኑም አልነቃም። ከተሳፋሪዎቼ የከፋ ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። መደገፊያ ሳትይዝ ቆማ የነበረችው ቲኬት ቆራጯ ብቻ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላትማ በበሩ ደረጃ ወደ ታች ተወረወረች። ጀርባዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ በእግሯ እንደማትሄድ ነግረዋታል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መደርደር አልሆነልኝምና እንዲሁ ልንገርዎት።

መምሪያዎ ለመርማሪዎቹ "በዕለቱ በአካባቢው ምንም ዓይነት የሣር አጨዳ አልተካሄደም" ሲል መልስ ሰጠ። በአጨዳው ከነበሩት ሠራተኞች አንዱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ጎንበስ ብሎ፣ "አጭደናል፣ ወንድም ጋሼ። ብናገር ግን ነገ አይጠሩኝም" አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ እሱም ያለ አፍ መሸፈኛ እዚያው ደመና ውስጥ የዋለ ሰው ነው። ያው መምሪያዎ በሌላ በኩል ደግሞ ለተጎጂዋ ግሩም እቅፍ አበባ ወደ ሆስፒታል ልኳል፤ ስለዚህም ከልብ እናመሰግናለን። እሷም ለነርሷ፣ "ጋሼ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ እባክሽ ይህን አውጪልኝ" ብላ ከክፍሉ አስወጥታዋለች።

የአውቶቡስ ድርጅቱ በበኩሉ፣ ቲኬት ቆራጯ "ያለ ሥልጣኗ የተሽከርካሪውን ፍሬን በመንካቷ" ጉዳቷ በሥራ ላይ የደረሰ አይደለም አለ። ይህ ማለት ሕክምናዋን ድርጅቱ አይሸፍንም፣ ጡረታም የላትም ማለት ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ወረቀቱን ከፊቴ አድርጎ ድምፁን ዝቅ በማድረግ፣ "በራሷ ነክታለች ብለህ ፈርም፤ ያንተ ጉዳይ በማስጠንቀቂያ ያልቃል" አለኝ።

"በራሷ አይደለም። ያዘዝኳት እኔ ነኝ" አልኩት።

"መቼ?"

"ሣሩ ማበብ ሲጀምር።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። "እንግዲያው መንዳት እንደማትችል እያወቅህ ነድተሃል ማለት ነው። የምትለው ገብቶሃል?"

ገብቶኛል አልኩት። ጻፈው፤ ፈረምኩበት። በዚያ ፊርማ እሷ በሥራ ላይ የተጎዳች ሆነች፣ ሕክምናዋም ቀጠለ፤ እኔ ከሥራ ተሰናበትኩ፣ መንጃ ፈቃዴን ተነጠቅሁ፣ በቸልተኝነትም ተከስሼ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ስነግራት፣ "ልክ አድርገሃል" አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ቲኬት ቆራጯም ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ማን ላክህ? እኔ እግሬን፣ አንተ መሪህን። ታዲያ ምኑን ተረፍን?" አለችኝ። ከእንባዋ በስተቀር በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ እንባ አልነበረም፤ የእኔ ዐይን፣ ለሣሩ ያን ያህል ያነባው ዐይን፣ በእሷ ጊዜ ደረቀብኝ። ይህን ከሁሉም በላይ አፍሬበታለሁ።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በዚያ ጠዋት ሣሩ መታጨዱን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፈው ማኅተም እንዲያሳርፉበት። ከጥፋቴ ነጻ ያወጣኛል ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን እንዳልነበርኩ እንዲታወቅ ያህል ነው። ሁለተኛም፣ ሣሩ የግድ ከሆነ፣ ከማበቡ በፊት እንዲታጨድ። ለዚህ የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ከሌለዎት እኔ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትርፍ አለና በደስታ እልክልዎታለሁ።

ከተማችንን ለማስዋብ የሚያደርጉት ድካም በአደባባዩ ሁሉ ያብብልዎ ዘንድ፣ ቢሮዎም ሁልጊዜ መስኮቱ የሚዘጋ ይሆንልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞው የሆስፒታል መስመር ሾፌር

ለጥቆ የታከለ፦ በእኔ ቦታ አንድ ወጣት ሾፌር ተመድቧል። የቲኬት ቆራጭ መደብ ግን ተሰርዞ በበሩ ላይ ማሽን ተገጥሟል፤ ስለዚህ ከጎኑ የሚቆም ሰው የለም። ታናሿ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በዚያው አውቶቡስ ነው፤ ትናንት እራት ላይ፣ "አባዬ፣ አዲሱ ሾፌር ዛሬ እያስነጠሰ እያስነጠሰ በጣም አሳቀን" አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የምታጭዱበትን ቀን በቅድሚያ ብታሳውቁኝ፣ ያን ቀን በእግሯ አመጣት ነበር።